ያልተጠራው ደባል

አቶ ያህያ ይማም ከፈጅር ሶላት በኋላ ተመልሰው መተኛት ካቃታቸው ሰንብቷል። በሚኔሶታ፣ ፊሊፕስ ሰፈር ባለው የሴት ልጃቸው ቤት ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ይመላለሳሉ። በየጥጉ የተደረደሩትን የካርቶን ሣጥኖች በምርኩዛቸው ጫፍ ነካ ነካ ያደርጋሉ። በአንዱ ሣጥን ላይ «ወጥ ቤት»፣ በሌላው «መኝታ ቤት»፣ በሌላው ደግሞ «ኢቅራ» ተብሎ በወፍራም ቀለም ተጽፏል። «አባዬ» የሚል ሣጥን ግን የለም።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ሳምንት በእራት ሰዓት ነበር። ልጃቸው ዛሂዳ ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ ስታስብበት እንደ ቆየች በሚያስታውቅ ድምፅ ጠየቀቻቸው።

«አባዬ፣ ዌስት ሴንት ፖል ቤት አግኝተናል። አከራዩ ባለ ሁለትም ባለ ሦስትም መኝታ ቤት አለው። ከእኛ ጋር ይመጣሉ ወይስ ያ የአረጋውያኑ፣ ሲኒየር አፓርትመንቱ ይሻልዎታል? እሱ እዚሁ ፊሊፕስ ነው፤ መስጊዱም ይቀርብዎታል።»

አቶ ያህያ ቀና ብለው ተቀመጡና ያደጉበት ሥርዓት የሚያዝዘውን መልስ ሰጡ።

«አይ ልጄ፣ እኔን ተዉኝ። ለአንድ ሽማግሌ ጥግ አይጠፋም። እናንተ ኑሯችሁን ኑሩ።»

ይህ «አይ» እምቢታ አልነበረም። እሳቸው ባደጉበት በደሴ ጨዋ ሰው በመጀመሪያው ጥሪ ከገበታ አይቀርብም። አስተናጋጁ «ኑ ብሉ» ሲል እንግዳው «በልቻለሁ» ይላል። «በሞቴ» ሲባል «አላስቸግራችሁ» ይላል። በአላህ ስም ሲያዝ ብቻ፣ እየተግደረደረ፣ እጁን ይታጠባል። ወዲያው የሚቀመጥ ሆዳም ይባላል፤ አንድ ጊዜ ጠርቶ ዝም የሚል ባለቤት ደግሞ ከጥሪው ይልቅ ስንብቱን እንደ ፈለገ ይቆጠራል። አቶ ያህያም የመጀመሪያውን እምቢታ ሰጥተው፣ ሁለተኛውን በጉሮሯቸው አዘጋጅተው ጠበቁ።

ዛሂዳ ግን ገና በልጅነቷ ከአክስቷ ጋር ወደ ሚኔሶታ የመጣች፣ በዚሁ ተምራ በዚሁ የተዳረች ናት። የሰው «አይ» አይ ማለት እንደ ሆነ፣ ደጋግሞ መጠየቅም ነውር እንደ ሆነ ነው የተማረችው። ዓይኗን ከሣህኗ ሳታነሣ፣

«ኦኬ አባዬ። ውሳኔዎን ሪስፔክት አደርጋለሁ» አለች።

በማግስቱ ባለ ሁለቱን መኝታ ቤት እንደሚይዙ ለአከራዩ ነገረችው፤ አንዱ ለእሷና ረጅም መንገድ ትራክ ለሚነዳው ባሏ ለረሻድ፣ ሌላው ሶፋ ላይ ለምታድረው ለልጃቸው ለኢቅራ። የኪራይ ውሉን ሰኞ ይፈርማሉ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። በመካከሉ ማንም ደግሞ አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም ከአፋቸው የወጣውን ቃል መልሰው የሚልሱ ሰው አይደሉም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይህ የእሳቸው ዝምታ ግን እየነቀዘ፣ ውስጥ ውስጡን እየሰረሰረ እንቅልፍ ነሣቸው።

ለዚያ ቅዳሜ ደግሞ ተረት ሊነግሩ ቃል ገብተዋል። በሌክ ስትሪት፣ ከገበያው አጠገብ ባለ አዳራሽ፣ የልዩ ልዩ አገር ሽማግሌዎች በየሳምንቱ ለልጆች ተረት ይነግራሉ። አዘጋጇ ዱረቲ የምትባል ትሑት ወጣት ናት። ስትደውልላቸው የእንግሊዝ ተረት እንደሚነግሩ ባሳወቋት ጊዜ ጆሮዋን ተጠራጠረች።

«ጋሼ፣ የእንግሊዝ?»

«የእንግሊዝ።»

«ማለቴ… ሰዉ የእኛን አገር ነው የሚጠብቀው። የጦጣና የጅብ ነገር…»

«ስሚ ልጄ። እኔ በደሴ እንግሊዝኛ ሳስተምር ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይህን ተረት የሰማሁት ገና ጢም ሳላበቅል፣ ከእንግሊዛዊ መምህሬ ነው። ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ በየዓመቱ ነግሬዋለሁ። ዕድሜ ልኬን አብሮኝ የኖረ ተረት የእኔ ካልሆነ፣ የእኔ የሚባለው ምንድን ነው?»

«እሺ ጋሼ። እንግዲያው በእንግሊዝኛ ይነግሩታል?»

«የእንግሊዝን ተረት በእንግሊዝኛ መንገር ማንም ያደርገዋል። እኔ በአማርኛ እነግረዋለሁ፤ የልጅ ልጄ ታስተረጉማለች።»

ኢቅራ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እንደ ብዙዎቹ የሰፈሩ ልጆች በሐኪም ቤትም በመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤትም ለአዋቂዎች እያስተረጎመች ነው ያደገችው፤ አያቷ በአማርኛ ሲናገሯት ግን በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ወደ አዳራሹ አብረው ሲሄዱ የቆሸሸው የመጋቢት በረዶ ከእግራቸው በታች ይንኮሻኮሽ ነበር። አቶ ያህያ ክራባታቸውን አሥረው፣ ኮታቸውን እስከ መጨረሻው ቁልፍ ቆልፈው፣ ከእሷ ቀድመው ይራመዳሉ።

«አባባ፣ ቀስ ይበሉ» አለች በእንግሊዝኛ። «ደግሞ እነዚያ ልጆች በተረትዎ ያለው የቅቤ መናጫ ምን እንደ ሆነ አያውቁም። ላምም በስልክ ነው ያዩት። ቃል በቃል ካስተረጎምኩት ይተኛሉ።»

«እንግዲያው ለዘመናቸው እንዲስማማ አድርጊው። ነገር ግን ልብ በይ! ሥጋውን ለውጪ፤ አጥንቱን እንዳትነኪ።»

«አጥንቱ የቱ ነው?»

«ስነግረው ታውቂዋለሽ» አሉና እርምጃቸውን አፈጠኑ።

አዳራሹ ውስጥ ልጆች ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለዋል፤ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሜክሲኮው፣ አማራው። ወላጆች ከኋላ በታጣፊ ወንበር ተቀምጠዋል። ከፊተኛው ረድፍ እማማ ሲንቄ የሚባሉ የወለጋ ባልቴት ነጠላቸውን አጣፍተው ዳስ የገቡ ያህል ተደላድለዋል። አቶ ያህያ የቀረበላቸውን ወንበር ትተው ቆሙ። ማስተማር ተቀምጦ አይሆንም።

«ተረት ልጀምር ነው» አሉ። «የቆመ ይቀመጥ፤ የተኳረፈም ይታረቅ።»

ኢቅራ አስተረጎመች። ልጆቹ ጸጥ አሉ።

«በሰሜን እንግሊዝ፣ ነፋስ ዕረፍት በማያውቅበት ሜዳ፣ አንድ ገበሬ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። በቤታቸው ግን አንድ ሌላ ነዋሪ ነበረ። አይታይም፤ ማንም አልጠራውም። ያልተጠራ ደባል ነበር።»

«በጣም ነፋሻ በሆነ ቦታ፣» አለች ኢቅራ በእንግሊዝኛ፣ «ልክ እንደዚህ ሰፈር፣ አንድ ቤተሰብ አፓርትመንት ውስጥ ይኖር ነበር። ማንም የማያየው አንድ ደባል ነበራቸው።»

አቶ ያህያ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሜዳው አፓርትመንት ሆኗል፤ ሥጋ ነው፣ ግድ የለም።

«ይህ ደባል ልጆቹ ዳቦ ሊጎርሱ ሲሉ ከእጃቸው ይነጥቃል።»

«ልጅቷ ቪዲዮ እያየች እያለ» አለች ኢቅራ፣ «ዋይፋዩን ከግድግዳው ይነቅለዋል! ለምን? እሳት ይነሣል ብሎ!»

ልጆቹ በአንድ ድምፅ ሳቁ። አቶ ያህያ ወደ ልጅቷ ዘወር አሉ። ዋይፋዩን እሳቸው ራሳቸው ባለፈው ሐሙስ ነቅለውት ነበር። ከዚያ በፊት በነበረውም ሐሙስ። ሽቦው ይግል ነበርና።

«ወተቱን ይደፋል» አሉ ድምፃቸውን ጠንከር አድርገው። «የከብቶቹን ማሰሪያ ይፈታል።»

«በጥር ወር መስኮት ይከፍታል! ‹አየሩ ታፈነ!› ይላል። ቤተሰቡ ጃኬት ለብሶ እራት ይበላል።»

አሁን ወላጆቹም ሳቁ። ከኋላ ወንበሮች አንዲት እናት «ወይኔ፣ አማቴ!» አለች።

በዚህ መካከል በሩ ተከፈተና ዛሂዳ የሥራ ልብሷን እንደ ለበሰች ገብታ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀመጠች። አረጋውያንን ከምትንከባከብበት ነርሲንግ ሆም በቀጥታ መምጣቷ ነው። አቶ ያህያ አዩዋት። ጆሯቸው ጋለ። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ይሰማሉና፣ ልጅቷ የምትለውን አልሰማሁም ማለት አይችሉም። ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ፣

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?» አሏት።

ኢቅራ በአማርኛ መለሰች። «ሥጋውን እየለወጥሁ።»

የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይላሉ። ይህኛው የቱ እንደ ሆነ አቶ ያህያ ለመለየት አልቻሉም። ወንበሩን ገፍተው መውጣት አማራቸው። ግን ክፍል ጥሎ የወጣ መምህር ተመልሶ አይገባም። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ መንጎራደድ ጀመሩ።

«ጎህ ሳይቀድ በቤቱ ውስጥ ይንጎራደዳል…» ብለው ቃሉ ከአፋቸው እንደ ወጣ ቆሙ። ልጆቹ እግራቸውን እያዩ ነበር። ኢቅራ ማስተርጎምም አላስፈለጋትም።

ያን ጊዜ በዕድሜያቸው ሙሉ ያላደረጉትን አደረጉ። በተረቱ የሌለ ነገር ጨመሩ።

«ይሁን እንጂ ይህ ደባል፣» አሉ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ «ሌላው ሰው ሳይነሣ የደጁን በረዶ ይጠርግ ነበር። ይህንንም አስተርጉሚ!»

ኢቅራ ሳትጨምር ሳትቀንስ አስተረጎመች። ቆየት ብላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጅቷ አትምጣ ብትለውም ጠዋት ጠዋት ስኩል ባሱ እስኪመጣ አብሯት ይቆም ነበር» አለች። በዚህ ማንም አልሳቀም።

አቶ ያህያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይህን ተረት ሁልጊዜ ከገበሬው ጎን ቆመው ነበር የሚነግሩት። ደባሉ እራት ሲቀርብ ወዴት እንደሚሆን፣ ቤተሰቡ ስለ ጉዞ ሲማከር ምን እንደሚያስብ አስበው አያውቁም።

«በመጨረሻ ገበሬው ተማረረ» አሉ። «ለሚስቱም ‹ይህን ቤት ለቀንለት እንሂድ› አላት። ዕቃቸውን ሁሉ በጋሪ ጫኑ። አልጋውን፣ ድስቱን፣ ከሁሉም በላይ የቅቤ መናጫውን በርሜል።»

«ትልቅ መኪና ተከራዩ» አለች ኢቅራ። «ሣጥን በሣጥን ላይ ጫኑ። ከላይ ክዳን ያለው ትልቅ የፕላስቲክ ገንዳ አስቀመጡ።»

«መንገድ ላይ ጎረቤታቸው አገኛቸው። ‹ወዳጄ፣ እውነትም ለቃችሁ ልትሄዱ ነው?› አለ። ገበሬው ገና አፉን ሳይከፍት፣ ከበርሜሉ ውስጥ አንድ ድምፅ መለሰ።»

እዚህ ላይ በደሴ ሳሉ አፍንጫቸውን በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ ቀጭን የማሾፍ ድምፅ ያወጡ ነበር፤ ክፍሉም በሳቅ ይፈነዳ ነበር። እጃቸውን ወደ አፍንጫቸው አነሡ። እጃቸው ግን መንገድ ላይ ቀረ። ያ ፍጡር፣ አሉ በልባቸው፣ ማንም በሞቴ አላለውም፤ ክዳኑን ከፍቶ ገባ። እኔ ይህ ሁሉ ትምህርት ኖሮኝ እሱን አላክልም። በራሳቸው ድምፅ፣ ዝግ ብለው፣

«አዎ፤ ልንሄድ ነው» አሉ።

ኢቅራ አያቷን ቀና ብላ አየቻቸው። ሥጋም አጥንትም ሳትነካ አስተረጎመችው።

«ከዚያስ?» አለ ከምንጣፉ ላይ አንድ ትንሽ ልጅ።

ከዚያማ ገበሬው «እሱ አብሮን ከመጣማ መሄዱ ምን ዋጋ አለው?» ብሎ ጋሪውን ወደ አሮጌው ቤት ይመልሳል። የተረቱ አጥንት ይኸው ነው። አቶ ያህያ ይህን ዓረፍተ ነገር ለስንትና ስንት ክፍል ያለ እንቅፋት ተናግረውታል።

«ገበሬውም» አሉ፣ «ይህን በሰማ ጊዜ ልጓሙን ሳበና ወደ ሚስቱ ዞረ። ሚስቱም…»

በተረቱ ውስጥ ሚስቲቱ በዚህ ቦታ ቃል የላትም። ለምን «ሚስቱም» እንዳሉ እሳቸውም አላወቁም። ዝምታው ረዘመ። ዱረቲ ከተቀመጠችበት ብድግ ልትል ስትል ከመጨረሻው ረድፍ ዛሂዳ ተናገረች።

«ሚስቲቱማ ደባሉን ‹ይህን ሁሉ ቀን ለምን ዝም አልክ? እኔ ከመጀመሪያውም ትልቁን ቤት ነበር የፈለግሁት› አለችው።»

ወላጆቹ ወደ ኋላ ዞሩ። አቶ ያህያ ምርኩዛቸውን ጨበጡ።

«ማንም አልጠራውማ!» አሉ።

«ተጠርቷል! በእራት ሰዓት ተጠርቷል! እምቢ ያለው እሱ ነው።»

«አንድ ጊዜ!»

«ታዲያ ስንት ጊዜ ነው የሚጠራው?»

«ሰው በወጉ ይጠራል! ይለመናል! ያንን ያህል አፍ ያወጣ ሰው በሞቴ ማለት ያቅተዋል?»

እማማ ሲንቄ በተቀመጡበት ሙሉ በሙሉ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ‹በሞቴ› ሳትዪ ነው አባትሽን የጠራሽ?»

«እማማ፣ አይ አሉኝ እኮ! እኔ ደግሞ እንዳላስገድዳቸው…»

«አይ ያሉማ ጨዋ ስለ ሆኑ ነዋ! ወዲያው እሺ የሚል የት አገር አለ? እኔ ለልጄ ቤት ስመጣ ሳምንት ነው ያስለመንኳት።»

ከዚህም ከዚያም ሳቅና ማጉረምረም ተነሣ። ኢቅራ ለልጆቹ ትንፋሽ እስኪያጥራት ታስተረጉማለች። «ሴትዮዋ ጠርቼዋለሁ ትላለች… ደባሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ይላል… እማማ ሲንቄ ደባሉ ልክ ነው ይላሉ… በእነሱ ሕግ መጀመሪያ እምቢ ማለት ግዴታ ነው…»

«እንደገና ትጠይቀው!» ብሎ ያው ትንሽ ልጅ ጮኸ። ሌሎቹም ተቀበሉት።

ዛሂዳ ተነሣች። ፊቷ ቀልቷል፤ ዓይኗም እርጥብ ነው።

«አባዬ፣ በሞቴ ከእኛ ጋር ይምጡ።»

«አይ ልጄ፣ አላስቸግራችሁ» አሉ አቶ ያህያ። ምላሳቸው ከእሳቸው ቀድሞ ነበር። ወዲያው ግን ደነገጡ፤ ደግሞ ሪስፔክት አደርጋለሁ ብትልስ?

ዛሂዳም ልትቀመጥ ዳዳች። እማማ ሲንቄ ጭናቸውን በመዳፋቸው መቱ። «ድገሚ! ድገሚ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል!»

«በሞቴ አልኩ! ያለ እርስዎ ያ ቤት ቤት አይሆንም።»

«እኔን ተዉኝ…» ድምፃቸው ግን ከመጀመሪያው ሳስቷል።

«በአላህ ይዤዎታለሁ። ባለ ሦስት መኝታውን ነው የምንይዘው፤ አለቀ!»

አቶ ያህያ የክራባታቸውን ቋጠሮ አስተካከሉ።

«እንግዲህ… ካላችሁ» አሉ።

እማማ ሲንቄ እልል አሉ። ልጆቹ ምን እንደ ተደረገ በውል ሳይገባቸው አጨበጨቡ። ያ ትንሹ ልጅ ግን አልተበገረም፤ እጁን አንሥቶ፣ ታዲያ ጋሪውን መለሱት ወይስ አልመለሱትም ብሎ ጠየቀ። ኢቅራ ጥያቄውን ልታስተረጉም ስትል አቶ ያህያ በመዳፋቸው አስቆሟት። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ ቀጥ ባለ እንግሊዝኛ፣

«እንግሊዞቹ ገበሬው ተመለሰ ይላሉ» አሉት። «እኔ በቦታው አልነበርኩም።»

ከአዳራሹ ሲወጡ ዛሂዳ መኪናው ውስጥ ገብታ ለአከራዩ ደወለች፤ ስልኩንም ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ አስቀመጠችው። ሰውየው በቀዘቀዘ ድምፅ ባለ ሦስት መኝታውን ሌላ ቤተሰብ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሊያየው እንደሚመጣ፣ ቀድሞ ደርሶ እይዘዋለሁ ላለ እንደሚሰጠው ነገራት። ዛሂዳ ስልኩን ዘግታ መሪውን ያዘች።

«ካልደረስንስ?» አለች። «አባዬ፣ ካመለጠንስ?»

ኢቅራ ከኋላ ሆና በእንግሊዝኛ፣ ወደ ቤቱ የሚወስደው ሮበርት ስትሪት በዚህ ሰዓት መኪና ይበዛበታል አለች። አቶ ያህያ የመቀመጫውን ቀበቶ ለማሠር ይታገላሉ፤ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ይፈልጉታል። ተረቱን ማበላሸታቸው ይከነክናቸዋል። ሚስቲቱን ያናገሩበት ቦታ፣ የበረዶው ጠረጋ፣ ሁሉም ያለ ቦታው የገባ ነው። ደግሞ ያ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደ ሆነ፣ ደረጃው ስንት እንደ ሆነ ማንም አልነገራቸውም። ሌላው ቤተሰብ ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ፣ አሁን የት እንደ ደረሰ ማን ያውቃል? ምናልባት ይኸኔ ወደ ዌስት ሴንት ፖል የሚያሻግረውን ድልድይ አልፎ ይሆናል።

«ስንተኛ ፎቅ ነው?» አሉ።

«አላውቅም አባዬ። ይዩትና እምቢ ካሉ ደግሞ…»

«ማን እምቢ አለ?» አሉ አቶ ያህያ በቁጣ፣ በምርኩዛቸው የመኪናውን ወለል እየመቱ። «ምን ታዘግሚያለሽ? ንጂው እንጂ!»